ስም የሌለበት ቃለ ጉባኤ

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ሠልጣኞች ሁሉ የሚወስዷቸውን የጋራ ትምህርቶች ልናጸድቅ ተሰበሰብን፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። የሐርቡው መምህር ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አውጥተው፣ «ፖለቲካው በሦስት ስም ገብቷል፤ አንዱ ወጥቶ ሎጂክ ይግባ። ወላሂ፣ መጠየቅ ያልተማረ ሰው ምን ብሎ ያስተምራል?» አሉ።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ አልተከራከራቸውም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጻፍከው?» አለኝ። «ቃል በቃል፣ ከነስማቸው» አልኩት፣ ኮራ ብዬ። ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው። የትምህርት እቅዱ ሳይነካ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ጋሽ ሰይድም እጃቸውን አወጡ። በማግስቱ ከሚያስተምሩበት ክፍል ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። ዛሬም ስብሰባ ላይ ጻፍ ስባል የተናጋሪ ስም አላሰፍርም። «ከቤቱ አስተያየት ቀረበ» ብዬ አልፋለሁ።