የክሊኒኩ አዳዲስ አልጋዎች

ነይ ግቢ የኔ እመቤት፣ እዚች ወንበር ላይ ቁጭ በይ። ውይ ፀጉርሽ ሲያምር! ቢጎዲን ላድርግልሽና ካስክ ውስጥ ትገቢያለሽ። ለነገው የክሊኒኩ ቦርድ ሊቀመንበር ምርጫ ነው አይደል? ቤት ለቤት እየዞርሽ ለወንድምሽ ድምፅ ስትለምኚ ሰነበትሽ አሉ። እሰይ፣ እህት ማለት እንዲህ ናት!

እኔ እንኳ ስለ ሌላ ሰው ላጫውትሽ ነበር… አንድ የሬሳ ሳጥን ሠሪ አለ። ወንድምሽን አላልኩም! ወንድምሽማ «ዘመናዊ የቤት ዕቃ» ነው የሚሠራው፤ አዲሱን ታፔላ አንብቤያለሁ። ይኼኛው ሌላ ነው። ስሙ እንዲያምርለት ለክሊኒኩ አልጋ በነፃ አሠርቶ ሰጠ። ደግነቱ በናትሽ! ግን አናጢዎቹ ሌላ ነገር ሠርተው አያውቁ… ጠበብ፣ ረዘም፣ ዙሪያው ግድግዳ፣ በግራ በቀኝ መሸከሚያ እጀታ! ውስጡ ነጭ ሳቲን፤ የጨርቁ ስፌት ደግሞ ቁርጥ ያንቺን እጅ! ኧረ ቀና በይ፣ ምን አቀረቀረሽ?

እናቴ እዚያው ክሊኒክ ተኝታ ነበር፣ ስንት ቀን መነሳት አቅቷት። ወደ አዲሱ ሊያዛውሯት ሲሉ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችው… አቤት ሩጫ! በባዶ እግሯ በሩ ላይ ደረሰች። ከኋላዋ ወገቤን ሲል የከረመው ሹፌር፣ ከእሱ ኋላ ግሉኮስ የተሰካላት ሴትዮ፣ ከነመስቀያው! ሐኪም ያቃተውን አልጋ ፈወሰው። እናቴ ግን እስካሁን መብራት አታስጠፋም፤ ይኼ ይኼ ያንገበግበኛል።

ሰውዬው ደግሞ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «በእኔ አልጋ አንድም ሰው አልሞተም» አይል መሰለሽ? እውነቱን እኮ ነው! ማን ተኝቶበት! አሳቢነቱስ ብትይ… የታመመ ሰው ሲያገኝ ከራሱ እስከ እግሩ በዓይኑ ለክቶ ነው «እንዴት አደርክ» የሚለው።

ድምፄንማ ለወንድምሽ ነው የምሰጠው፣ ምን ጥያቄ አለው? በይ ካስክ ውስጥ ሳትገቢ ልመርቅሽ። ወንድምሽ ተመርጦ ክሊኒኩን ያሳምርልን። በሽተኛው ሁሉ ድኖ ቤቱ ይግባ፣ አሮጊቶቻችን ይበርቱ፣ ከዚህ ሰፈር ለቅሶ ይጥፋ። ያኛውም ሰውዬ ገበያ አጥቶ ሱቁን ይዝጋ። አሜን በይ እንጂ የኔ እመቤት… ምነው፣ አንቺ ምን ይጎድልብሻል?