መሳቢያ ውስጥ የቀረው መለኪያ

ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃው ላይ ቁና ቁና ስተነፍስ ጨረር ለኪዋ ደረሰችብኝ። እኔ ወደ ጠፈር ለሚወጡት ሰዎች የውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ ደግሞ ሲመለሱ ከደረት ኪሳቸው መለኪያ አውጥታ ምን ያህል ጨረር እንዳገኛቸው ታነባለች። አውራ ጣት የምታክል ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን የእኔን ያህላል።

«እማማ፣ እንኳን አገኘሁዎት። የልጅ ልጅዎ ባለፈው ጉዞው መለኪያውን አድርጎት ነበር?»

«እና ራቁቱን የሄደ መሰለሽ?»

«አይቆጡ። የጓደኞቹ ብዙ ያሳያል፤ የእሱ ግን ከቤት ያልወጣ ሰው መለኪያ ነው የሚመስለው። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሊሄድ ነው።»

መለኪያው ስድስት ወር ሙሉ እኔ መሳቢያ ውስጥ ከክሩ ጋር ተኝቶ ነበር። ልጁ «ቁጥሩ ከፍ ካለ ከጉዞ ያግዱኛል» ሲለኝ «ስጠኝ ወዲህ» ያልኩት፣ ባዶውን ኪስ የሰፋሁትም እኔው ነኝ። ሲመለስ ሰጠሁት፤ አስረከበ።

«ጤነኛ ነው» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «እንደ በሬ ይበላል። በቁጥር ምን ታስፈራሩታላችሁ? እኔ አርባ ዓመት በዓይኔ ለክቼ ቆርጫለሁ፤ አንድም ልብስ ጠቦ አልተመለሰብኝም!»

«ጨርቅ ይታያላ፣ እማማ። ይሄ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም። እዚህ አየሩና የምድር ማግኔት ይከልሉናል፤ እዚያ ከልካይ የለም። ጉዳቱ ይጠራቀምና ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሆኖ ሊመጣ ይችላል።»

«ካገዳችሁት በንዴት ይሞታል።»

«በንዴት የሞተ አላየሁም። በዚህኛው ግን አይቻለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «አባቴ ራጅ አንሺ ነበር። መለኪያውን ቤት ትቶ ነበር የሚሄደው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ያመለጠውን መልሶ መለካት ይቻላል?» አልኳት።

«ከደሙ መገመት ይቻላል። ግን ካወቅን ነው።»

«እንግዲያው እወቂ» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

ከጉዞው ቀረ። ደሙ ተወስዷል፤ ውጤቱ ገና ነው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። እናንተ ልጅ ያላችሁ ግን ስሙኝ፦ የተለካ ሰው መቼ መቆም እንዳለበት ያውቃል። ሐኪሙም የትኛውን ሕመም መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። ከኋላው የሚሄደውም በየትኛው የመንኮራኩሩ ግድግዳ ሥር ጨረር እንደሚበዛና መተኛት እንደሌለበት ይማራል። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ይህ ከገባኝ፣ ለተማረው እንዴት ይጠፋዋል?

የልጅ ልጄ አኩርፎኛል፤ በር አይከፍትልኝም። ያኩርፍ። ሽበት እስኪያወጣ ያኩርፈኝ።