ጓሳ የገባችው በጌ

ለማስተርስ ሳመለክት የሁለት ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቅሁ። አንዱን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጻፈልኝ። ለሁለተኛው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢያችን ጋ ሄድኩ፤ ጋሽ ወልዴ ጓሳ የሚባለው፣ በክልከላ የሚጠበቀው የአካባቢያችን የጋራ ግጦሽ ጠባቂም ናቸው። «ለምርምር የተፈጠረ ወጣት ነው» የሚል ደብዳቤ ራሴው ጽፌ ይፈርሙልኝ ብዬ ሰጠኋቸው። አንብበው መለሱልኝ።

«ይሄን እኔ አላየሁም። ያየሁትን ጻፍ። በክልከላ ጊዜ ከጓሳ ሣር ሲያጭድ ተይዞ አያውቅም በል።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለዩኒቨርሲቲ ነው።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንድ ጊዜ ግን በጉ ገብታ ተይዛበታለች፤ እሱም ይቅርታ ጠይቋል።»

በጓን እንኳ ይተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ግማሹ የተደበቀ ወረቀት ላይ አልፈርምም» አሉ። ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ስለቀረው እንዳሉት ጽፌ አስፈረምኳቸውና እያፈርኩም ቢሆን አስገባሁት።

ለቃለ መጠይቅ ስጠራ አንዱ ፈታኝ ፋይሌን አገላብጦ አገላብጦ ቀና አለ። ስለ ምርምር ሐሳቤ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«በጓ አሁንስ?» አለኝ።

«ከዚያ ወዲህ ታስራ ነው የምትውለው» አልኩ።

ሦስቱም ፈታኞች ጻፉት።