የዝዋይ መስመር ዝም ያለ ቀን

ደፋር ሰው አይደለሁም፤ በደርግ ጊዜ ናዝሬት ስልክ ቤት ስሠራ ግን አንድ ቀን ጮኼያለሁ። ከዝዋይ ጋር የሚያገናኝ አዲስ ሣጥን በሁለቱም ከተማ ተከልን። ሁለት ሽቦ ድምፅ ይወስዳል፣ ሁለት ሽቦ ያመጣል። የእኛ መላኪያ በእነሱ መቀበያ ላይ እንዲያርፍ፣ በአንዱ ከተማ ብቻ ሽቦዎቹ ይቀያየራሉ። እኔ ቀያየርኩ፣ ሦስቴም አየሁት። መብራቱ በራ፤ ድምፅ ግን የለም።

አጠገቤ የቆመው ካድሬ ሣጥኑን በእጁ መታ መታ አደረገ። «ይሄ አሻጥር ነው! የዝዋዩን ሰውዬ አሁኑኑ አስይዘዋለሁ።»

የዝዋዩ ሰው ገመቹ ነው፤ የአራት ልጆች አባት፣ ሥራውን ያስተማርኩት እኔ። ወዲያው ገባኝ፤ የእኔ ተማሪ እንደ እኔው ተጠራጣሪ ነው፣ ሰው አምኖ አይቀመጥም። እሱም ቀያይሯል!

«ጓድ፣ ስሕተቱ እዚሁ ነው። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

«ካልሠራስ?»

«እኔን ያስይዙኛ!»

ሽቦዎቹን ወደ ነበሩበት መለስኩና መነጋገሪያውን አነሳሁ። «አሎ! ዝዋይ!»

«አቤት ጋሼ!» አለ ገመቹ፣ ጥርት ብሎ። «እርስዎም ቀያይረው ይሆናል ብዬ የእኔን ልፈታ ካቻቢቴ ይዣለሁ።»

«እንዳትነካው! እጅህን አንሳ!» ብዬ ጮኽኩ።

ካድሬውም እጁን ከሣጥኑ ላይ አነሳ።