ነፋሱን ማን ጠጣው?

ጎረቤቶቹ በሌለበት «ችኩሌ» የሚሉት አዛውንት ገበሬ መጥረቢያውን በኮቱ ሥር ሸሽጎ ኮረብታውን ሲወጣ፣ የወንድሙ ልጅ ቁልቁል ስትመጣ ተገጣጠሙ። ልጅቱ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ቴክኒሻን ናት።

«አጎቴ፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

«እንጨት ልቆርጥ።»

ኮረብታው ላይ እንኳን እንጨት ቁጥቋጦም የለ። ልጅቱ ትክ ብላ ስታየው አላስቻለውም።

«አልዋሽሽም ልጄ። ስንዴዬ ተወቅቶ ከነገለባው አውድማ ላይ ተከምሯል። ደመናው ደግሞ ያውልሽ። ዝናቡ ከቀደመኝ የዓመት ቀለባችን በሰበሰ ማለት ነው። እነዚህ ነገሮች ከተተከሉ ወዲህ ነፋስ የሚባል ጠፋ፤ ጠጡት። ገመዳቸውን ብቆርጠው ይለቁታል ብዬ ነው።»

ሰው ሲጨንቀው የማያስበው የለም። መንሹን ይዞ ነፋስ ሲጠብቅ የሰነበተ ሰው ጥፋተኛ ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ሳይጠይቅ መጥረቢያ ማንሣቱ ግን ያስወቅሰዋል።

«መጀመሪያ መጥረቢያውን ያስቀምጡልኝ» አለች። «ያ ገመድ ኤሌክትሪክ ተሸክሟል፤ ሰው ይገድላል። ቢነኩት ኖሮ ዛሬ የምናለቅሰው ለስንዴው አልነበረም።»

መጥረቢያውን እግሯ ሥር አኖረው።

«አሁን ቀና ይበሉ። ክንፎቹ ይዞራሉ?»

«ቆመዋል።»

«ነፋስ እየጠጡ ቢሆን ይቆሙ ነበር? እነሱም እንደ እርስዎ እየጠበቁ ነው። ነፋሱ ክንፉን ይገፋል፣ ክንፉ ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ደግሞ በመዳብ ሽቦ ጥቅል መካከል ማግኔት ያሽከረክራል። ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው እዚያ ነው፤ ነዳጅ የለው፣ ጭስ የለው።»

«ታዲያ ከነፋሱ ቅንጣት አይወስዱም?»

«ይወስዳሉ እንጂ። ከኋላቸው ነፋሱ ጥቂት ይደክማል፤ ራቅ ሲል ያገግማል። የእርስዎ አውድማ ከወንዙ ማዶ ነው፣ አይነካውም።»

«ነፋስ በጠፋ ጊዜስ በጨለማ ልንቀመጥ?»

«ያኔ ኤሌክትሪኩ ከሌላ ማመንጫ ጣቢያ በመስመር ይመጣል። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላል።»

ችኩሌ ደመናውን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ይሁን። ስንዴዬስ?»

«ለእኛ የነፋስ ትንበያ ይደርሰናል። ከሰዓት በኋላ ከዝናቡ ቀድሞ ይነሣል ይላል። ይህንኑ ልነግርዎ ነበር የምወርደው፤ ስልክዎ አይሠራም።»

«አጥፍቼዋለሁ» አለ አፈር ብሎ። «እሱም ከእነሱ ጋር ይመሳጠራል ብዬ።»

ሳቋን ዋጠችው። «መስመሩ አጥርዎ ድረስ መጥቶ እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት። ቢያስገቡት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ ገለባውን ይነፋልዎታል። ደመና ባዩ ቁጥር መደንገጥ ይቀራል።»

ችኩሌ መጥረቢያውን እዚያው ትቶላት ሄደ። ወርዶ አውድማው ዳር ተቀመጠ፤ ዓይኑን ግን ከኮረብታው አልነቀለም። ደመናው ጠቆረ። ቅጠል አይነቃነቅም። ሚስቱ የስንዴውን ክምር እያየች እንባዋ መጣ። ትንበያውም ሊሳሳት ይችላል ብሎ ሰጋ።

ከዚያ ኮረብታው ላይ አንዱ ክንፍ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ቀጥሎ ሌላው።

«ተነሺ፣ መንሹን ያዢ» አላት።

«ነፋሱ የታለ?»

«እየመጣ ነው። አየሁት።»

የመጀመሪያውን መንሽ ወደ ላይ ሲያነሡ ነፋሱ ደረሰ። ገለባው ወዲያ፣ ፍሬው ወዲህ ሆነ። ዝናቡ ሲወርድ የመጨረሻው ጆንያ ከጣሪያ ሥር ገብቶ ነበር።

ችኩሌ በረንዳው ላይ ቆሞ ስልኩን አበራና ለወንድሙ ልጅ ደወለ።

«ልጄ፣ መስመሩን አስገቢልኝ። መጥረቢያዬንም መልሺልኝ፤ ገመዱን እቤቴ ለሚያደርሰው ምሰሶ እንጨቱን እኔው እቆርጣለሁ።»