አገሩ የአንድ ቤት ብዜት አይደለም

አቶ ሀብተሚካኤል ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው የቀበሌው ቦኖ ሲወርዱ ደማቸው ፈልቶ ነበር። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ለፓምፑ ጥገና ብለው የአንዱን ጀሪካን ውኃ ዋጋ እጥፍ ቢያደርጉት፣ ገቢው መጨመሩ ቀርቶ ከቀድሞውም አነሰ። «ገንዘብ የሚቀበለው የቦኖው ጠባቂ ተስፋው በልቶታል!» ብለው በሽማግሌ ፊት ሊያስምሉት ቆርጠዋል።

መንገድ ላይ የወንድማቸው ልጅ ያምሮት ገጠመቻቸው። ፍኖተ ሰላም ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች፤ ዘመድ ልትጠይቅ መምጣቷ ነበር።

«አያ ሀብቴ፣ ደኅና ዋሉ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ሌባ ልይዝ ነው!» ብለው ነገሩን አጫወቷት።

«ሰዉ መቅዳት ቀንሶ ቢሆንስ?»

«ውኃ እኮ ነው! ቅንጦት መሰለሽ? በእኔ ቤት አንድ ጀሪካን አልጎደለም።»

«እሱማ የእርስዎ ቤት ነው። አገሩ የእርስዎ ቤት ብዜት ነው እንዴ?»

ሽማግሌው መሬቱን በከዘራቸው ጎሸሙት። «አንቺስ የአንዱን ሰው ሆድ ሳታውቂ የሁሉን በምን አወቅሽ?»

«ሰንበቴ ሲደግሱ ማን ስንት እንደሚጠጣ ያውቃሉ?»

«በምን አውቄ?»

«ጠላው ግን ጎድሎብዎ ያውቃል?»

ጎድሎባቸው አያውቅም።

«አንዱ ያበዛል፣ ሌላው ይተዋል፤ ሰዉ ሲበዛ ይቻቻላል» አለች ያምሮት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትምህርታችንም ይኸው ነው። የአንድ ሰው ፍላጎት አይጨበጥም፤ የብዙው ድምር ግን መልክ አለው። መልኩ የሚታየው ግን ያለውም የሌለውም ሲደመር ነው። ዋጋ ሲወደድ ባለጠጋው አይሰማውም፣ ድኃው ወደ ወንዝ ይወርዳል። በቀበሌያችን የሚበዛው የቱ ነው?»

«አፈ ጮሌ! ነይ፣ ወንዙን ራሱን እንየው!»

ወንዙ ዳር ሴቶች ከብት ከሚጠጣበት ላይ ተሰልፈው ይቀዳሉ። አቶ ሀብተሚካኤል ጎረቤታቸውን እንቁን ባዩ ጊዜ ጮኹ፤ «ቦኖ እያለ ከዚህ ትቀጃለሽ? አታፍሪም?»

እንቁ ጀሪካኗን ጣል አድርጋ ቀና አለች። «እኔን ይቆጣሉ? ቦኖውን የዘጉብኝ እርስዎ! ልጄ በዚህ ውኃ ሆዱን ታሞ ጤና ጣቢያ ከርሟል። እርስዎ ቤት ማን ታመመ?»

ቁጣ ማረፊያ ሲያጣ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የሽማግሌውም እንዲሁ ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ በራሳቸው ሲናደዱ ዋሉ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ የመጠጥ ውኃ በቀድሞው ዋጋ እንዲቀዳ፣ ለብሎኬት ማምረቻና ለአትክልት የሚቀዳው ግን ዋጋው እንዲጨምር ወሰነ። ሰዉ ከወንዝ ወደ ቦኖ ተመለሰ። ጥቂት ጥቂቱ ተጠራቅሞ ፓምፑ ተጠገነ፤ የልጆቹም የሆድ በሽታ ቀለለ። ሁሉን በራሱ ልክ የሚሰፋ ሹም ሌላውን ያራቁታል፤ የብዙውን አቅም የሚያውቅ ግን ለራሱም ይተርፈዋል።

አቶ ሀብተሚካኤል ሊያስምሉት በጠሯቸው ሽማግሎች ፊት ተስፋውን ይቅርታ ጠየቁት።

«ይቅር ለእግዜር» አለ ተስፋው፣ ዓይኑ እንደ ቀላ። «ሌባ ነው ብለው ለስንት ሰው ነግረዋል? ለእነሱም ይንገሩልኝ።»

አቶ ሀብተሚካኤል በማግስቱ ከማለዳ እስከ ምሽት ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ዋሉ።