እጅ የማይሰጥ ግስ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ስልኳን ለሌላዋ ስታቀብላት የእንግሊዝኛ ቃል ሰማሁ፤ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ይኸው፣ የዳዊት የመጨረሻ መልእክት። ራስሽ አንብቢው።»

«‹ቤተሰቦቼ ያጩልኝን ልጅ ካላገባህ ብለው ይዘውኛል። አይ አም ሆልዲንግ አውት።› እና?»

«እና ምን? እጁን ሰጥቷላ።»

«ማን አለሽ?»

«ሆልድ መያዝ፣ አውት ወደ ውጭ። እጁን ዘረጋ፤ እጁን ሰጠ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ተቃራኒው ነው።»

«አታሹፊብኝ።»

«ማርያምን፣ እውነቴን ነው። ድሮ ትርጉሙ እጅ መዘርጋት ነበር፣ ልክ ነሽ። በኋላ ግን ከተማቸው ተከቦ አንበገርም ላሉ ሰዎች ይሉት ጀመር። ‹እጅ አልሰጥም ብዬ እየታገልኩ ነው› ነው ያለሽ።»

ባለስልኳ ጎንበስ ብላ መልእክቱን እንደገና አነበበች።

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ምንም። ብሎክ አደረግኩት።»

«መቼ?»

«የፋሲካ ሰሞን።»

«አሁን እኮ መስቀል ደረሰ።»

«አውቃለሁ። ዛሬም በላምበረት መናኸሪያ ሳልፍ እሱ ካለበት ከደሴ የገባ አውቶቡስ ካየሁ፣ ወራጆቹን አንድ በአንድ ሳላይ አላልፍም።»

«ታዲያ ደውዪለታ።»

«አንድ ቃል ሳልመልስለት እስከ ዛሬ ምን ብሎ ይታገላል?»

«እሱን ጠይቂዋ፣ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ስልኳን ተቀብላ ጥቂት ነካካችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

ረዳቱ የእኔን መውረጃ ጠርቶ በሩን ሲከፍት ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።